ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፦ ሰው የሚጨርሰውን የኦንላይን ኮርስ ማቀድ

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው «ፕላዝማውን» አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጫል። በማያው ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ጥያቄውን ገና እየገለበጠ ነው። የክፍሉ መምህር ድርሻ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ የተተወችለት ጥቂት ደቂቃ ናት፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

ዛሬ በስልክ የሚሸጡ ብዙ ኮርሶች ያው ፕላዝማ ናቸው፤ ማያው አነሰ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። አርባ ቪዲዮ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ መጨረሻ ላይ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሰርተፍኬት። መምህሩ የራሱን ንግግር በጥንቃቄ አቅዷል፤ ተማሪው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ግን ያሰበለት የለም። የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፦ የሚታቀደው የእርስዎ ንግግር ሳይሆን የተማሪው ሳምንት ነው።

በመሀል አዲስ አበባ ማታ ማታ ሥልጠና ለሚሰጡ ሰዎች ጉዳዩ አጣዳፊ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ ብዙ ሰፈሮች ለልማት ተነሥተዋል። ሱቋን ዘግታ በእግሯ ወደ ማታ ክፍል ትመጣ የነበረችው ተማሪ ዛሬ መኖሪያዋ ከከተማው ዳር ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ታክሲ ይዛ እንድትመላለስ መጠበቅ ከባድ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንዝለቅ፦ ለአነስተኛ ሱቅ ባለቤቶች የሚሰጥ የስድስት ሳምንት የሂሳብ አያያዝ ኮርስ። የእርስዎ ኮርስ የልብስ ስፌት ወይም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሆነ ምሳሌውን ይቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ።

1. «ኦንላይን» ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ይወስኑ

ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት የቀጥታ ትምህርት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ በሚመቸው ጊዜ የሚከታተለው ሲሆን፣ ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህራን የማስታወሻ ፎቶ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ያ የአደጋ ጊዜ መፍትሔ ነበር፤ ማንም ሰው ያንን አይቶ «ኦንላይን ትምህርት አይሠራም» ብሎ ባይደመድም መልካም ነው።

ሙሉ በሙሉ በራስ ጊዜ የሚሄደው መንገድ ለአሠልጣኙ በጣም ያጓጓል፤ አንዴ ቀርጾ ደጋግሞ መሸጥ ነውና። ይሁን እንጂ በ2012 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮርሶችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ኮርሴራና ኢድኤክስ ሲመሠረቱ ያ ሁሉ ጩኸት ከተነሣ በኋላ የታየው ነገር ትምህርት ሰጪ ነው፦ በነፃ ከተመዘገቡት ውስጥ ኮርሱን የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። እነዚያ ኮርሶች የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ያዘጋጇቸው፣ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ናቸው። የይዘት ጥራት ብቻውን ሰውን አይዝም።

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር በ1989 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት ግንኙነቶችን ለይቶ ነበር፦ ተማሪው ከትምህርቱ ጋር፣ ከመምህሩ ጋር፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። ዕቅድዎን ጨርሰው ሲያነቡት በየሳምንቱ ሦስቱም መኖራቸውን ያረጋግጡ። ለጀማሪ የምመክረው ቅይጡን ነው፤ አብዛኛው ሥራ በራስ ጊዜ፣ በሳምንት አንድ አጭር የቀጥታ ስብሰባ።

2. ተማሪውን ይጠይቁ፣ አይገምቱ

ከሚጠብቋቸው ተማሪዎች ጥቂቶቹን በስልክ ያነጋግሩ። «ኮርሱ ይጠቅምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ይሉኝታ ያለው ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ይልቅ ስላለፈው ሳምንት ይጠይቁ። ሱቁን ስንት ሰዓት ከፈቱ? ስንት ሰዓት ዘጉ? ከዚያ በኋላ ምን ሠሩ? ስልኩ የብቻዎ ነው ወይስ ልጆች ይጫወቱበታል? የሞባይል ጥቅል የሚገዙት በቀን ነው ወይስ በወር? ባለፈው ሳምንት መብራት የጠፋው መቼ ነው? ሂሳብዎን አሁን የሚይዙት በምንድን ነው፤ በደብተር፣ በስልክ ወይስ በጭንቅላት?

ከመልሶቹ አንድ ምስል ይወጣል። ባለሱቋ ጠዋት 1 ሰዓት ከፍታ ማታ 2 ሰዓት ትዘጋለች፤ ቀን ላይ ደንበኛ ሲቀንስ አሥር አሥር ደቂቃ ታገኛለች፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ይመጣል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ካገኘን ትልቅ ነገር ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። ይህ ቁጥር የኮርሱ ጣሪያ ነው። ሰባት ሰዓት የሚፈልግ ይዘት ካለዎት ኮርሱን ያራዝሙ ወይም ይዘቱን ይቀንሱ፤ ተማሪዋ ሰዓት አትጨምርልዎትም።

3. ከመጨረሻው ይጀምሩ

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ኮርሱን የጨረሰ ሰው ምን ሠርቶ ያሳየናል? «የሂሳብ አያያዝን ጽንሰ ሐሳብ ይረዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠቅምም፤ መረዳቱን በምን እናየዋለን? በምሳሌያችን ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «ባለሱቋ የአንድ ወር ገቢና ወጪዋን መዝግባ፣ የዱቤ ደብተሯን ከጥሬ ገንዘቡ ጋር አስታርቃ፣ የወሩን ትርፍ ወይም ኪሳራ በአንድ ገጽ ታቀርባለች።»

ከዚህ ገጽ ወደ ኋላ ይሂዱ። ገጹን ለመሥራት የሸቀጥ ቆጠራ መቻል አለባት። ከቆጠራው በፊት የዕቃ መግዣና መሸጫ ዋጋን ለይታ መመዝገብ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ መለየት ይቀድማል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ቢመስልም ለብዙ ሰው ከሁሉ የከበደው እሱ ነው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለዕቁብ፣ ለለቅሶ የሚወጣው ሁሉ ከዚያው መሳቢያ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን ለእሱ ይሰጠዋል።

ወደ መጨረሻው ገጽ የማያደርስ ሁሉ ይውጣ። እዚህ ላይ አሠልጣኝ ይጨክናል ወይም ኮርሱ ይበላሻል። ጣልያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. የድርብ መዝገብ አያያዝን (እያንዳንዱ ግብይት ሁለት ቦታ የሚመዘገብበትን ዘዴ) በኅትመት ማውጣቱ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ለባለሱቋ ግን የሚቀጥለው ሐሙስ የሚከፈለው የአከፋፋይ ዕዳ ይቀድማል። የሚወዱትን ነገር መጣል ካልቻሉ «ተጨማሪ ንባብ» በሚል ፋይል ያስቀምጡት።

4. የአንድ ሳምንት አጥንት ይሥሩ

ስድስት ሳምንት ከመበተንዎ በፊት አንዱን ሳምንት እስከ ቀንና ሰዓት ድረስ ይንደፉ። ከዚያ ሌሎቹ ያንኑ መልክ ይይዛሉ፤ ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የምልከው አለ» ብሎ ሳይነገረው ማወቅ አለበት። የሦስተኛው ሳምንት፣ ማለትም የዱቤ ትምህርት፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሰኞ ማታ፦ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ። የዱቤ ሽያጭ ሽያጭ ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ያለ ገንዘብ እንዳልሆነ ያስረዳል። ከሥሩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለቱ ከዛሬው፣ አንዱ ከመጀመሪያው ሳምንት።

ማክሰኞና ረቡዕ፦ ተማሪዋ ከራሷ ደብተር አሥር ዱቤዎች አውጥታ ቀኑን፣ መጠኑንና የተከፈለውን በተሰጣት ሰንጠረዥ ላይ ታሰፍራለች። ቪዲዮ የለም። ሥራው ራሱ ነው ትምህርቱ።

ሐሙስ፦ የሰንጠረዡን ፎቶ ለአሠልጣኙ ብቻ ትልካለች።

ዓርብ፦ ለተማሪው ዕረፍት ነው። የሚሠሩት እርስዎ ነዎት።

ቅዳሜ ከምሽቱ 2:30፦ የ40 ደቂቃ የቀጥታ ስብሰባ። ትምህርት አይሰጥበትም፤ በሳምንቱ ከታዩት ስሕተቶች ሁለቱ ስም ሳይጠራ ቀርበው አብረው ይታረማሉ።

እሑድ፦ ማረም የሚፈልግ አርሞ ይልካል።

ከመጀመሪያው ሳምንት የተመለሰችውን ያችን አንድ ጥያቄ አይናቋት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያጠኑ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ደጋግሞ ቪዲዮ ማየት ያወቁ ያስመስላል፤ ሳያዩ መመለስ ነው የሚያስቀረው።

የጥያቄዎቹ አሠራርም ጥበብ አለው። የተሳሳቱት አማራጮች ሰው በእውነት ከሚሠራው ስሕተት ይውሰዱ። ለምሳሌ፦ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ1,150 ብር የተሸጠ ዕቃ ላይ ታክሱ ስንት ነው? ብዙ ሰው 1,150ን በ15 በመቶ አባዝቶ 172.50 ይላል። ትክክለኛው 150 ነው፤ 15 በመቶው የሚሰላው በ1,000 ብሩ ላይ ነውና። 172.50ን የመረጠ ተማሪ የት ላይ እንደሳተ ወዲያው ይታወቃል፤ «ከላይ ያሉት ሁሉ» የሚል አማራጭ ግን ምንም አይነግርዎትም።

5. መሣሪያውን አሁን ይምረጡ፣ ቀድመው አይደለም

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መድረክ ይመርጥና ኮርሱን በልኩ ይቆርጣል። ሳምንትዎን ነድፈው ከመጡ ግን የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነው፦ ትምህርት የሚለጠፍበት፣ ሥራ በግል የሚቀበሉበት፣ ጥያቄ የሚመለስበት፣ በሳምንት አንዴ የሚገናኙበት።

ለአነስተኛ ቡድን ቴሌግራም አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ተማሪው ቀድሞም አለው፣ የፈተና ጥያቄ መለጠፍም ይቻላል። ድክመቱ ሁሉ ነገር ወደ ላይ እየፈሰሰ መጥፋቱ ነው። ትምህርቱን እርስዎ ብቻ በሚጽፉበት ቻናል፣ ወሬውን በተለየ ግሩፕ ያድርጉት፤ የሳምንቱን ማውጫ ደግሞ ከላይ ይስቀሉት። ተማሪዎቹ ኢሜይል የሚጠቀሙ የቢሮ ሠራተኞች ከሆኑ ጉግል ክላስሩም ሥራ ለመቀበል ይሻላል። ሙድል የተባለው የኮርስ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነፃና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፣ ለሠላሳ ተማሪ ብዬ አልመክረውም። በነፃው ዙም የቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቆማል። ይቁም። ከዚያ በላይ ሱቅ ስትጠብቅ የዋለች ሴት ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ሁሉንም ነገር በአንድ መተግበሪያ ላይ አይስቀሉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበው ቆይተዋል። ስለዚህ የሁሉንም ተማሪ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዙ፤ የስድስቱንም ሳምንት የሥራ ሰንጠረዦች በአንድ ፒዲኤፍ አድርገው በመጀመሪያው ቀን ይላኩ። ኢንተርኔት ቢጠፋ አጭር የጽሑፍ መልእክት «የ4ኛውን ሳምንት ሰንጠረዥ ሙሉ» ለማለት ይበቃል።

6. ቀረጻ

ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በኢድኤክስ ኮርሶች ላይ የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው ነበር። ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተመልካቹ በአማካይ ከስድስት ደቂቃ በላይ አይቆይም ነበር። በዚያው ጥናት እየጻፉ የሚያስረዱባቸው ቪዲዮዎች ከስላይድ ማቅረቢያ ይልቅ ሰውን ይዘዋል። ይህ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው፤ ስቱዲዮ አያስፈልግም ማለት ነው። ስልኩን ከላይ ወደ ታች አስተካክለው ያስሩ፣ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፣ ባለሱቋ የምትጠቀምበትን ዓይነት ደብተር ይክፈቱና በእጅዎ እየጻፉ ያስረዱ።

የፋይሉን መጠን ያስሉ፤ የሚከፍለው ተማሪው ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የሚቀረጽ የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ 22 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ያንኑ በ4 ሜጋቢት ከቀረጹት 180 ሜጋባይት ይደርሳል። በሳምንት ሦስት ቪዲዮ ቢኖር በስድስት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ከ400 ሜጋባይት ገደማ እስከ 3.2 ጊጋባይት ነው። የደብተር ላይ ጽሑፍ በአነስተኛው ጥራት በደንብ ይነበባል። የአሥር ደቂቃ ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል፤ ዕቃ እየደረደረች ልትሰማው ትችላለች።

ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ሲበላሽ ግን ይተዋል። መሀል ከተማ ላይ ጸጥ ያለ ሰዓት ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፦ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ቀን ላይ የግንባታ ማሽንና የታክሲ ረዳት፣ ማታ ውሻ። መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ድምፅን ይውጣል፤ መስኮቱን ዘግተው ማይክሮፎኑን ወደ አፍዎ ያስጠጉ። የሚናገሩትን አስቀድመው ይጻፉ፣ ግን አያንብቡት። ሙያዊ ቃል ሲመጣ ነጋዴው በሚጠራበት ስም ይጥሩት፤ ደረሰኙ ላይ ያለውን ስም ደግሞ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ያሳዩ።

7. የሥራ አቀባበልና ምስጢር

እዚህ ላይ ብዙ ኮርስ ሳይታወቅ ይሞታል። ባለሱቅ የዕለት ሽያጩን ሠላሳ ሰው ባለበት ግሩፕ አይለጥፍም። ግብር አለ፣ ጎረቤት ተፎካካሪ አለ፣ አበዳሪ አለ። ሥራ ያልላከ ተማሪ ሰነፍ ነው ብለው ከመፍረድዎ በፊት ይህን ያስቡ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥራው ለእርስዎ ብቻ ይላክ፤ ያም ከከበደ ተማሪው ራሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ቁጥር ይምረጥና የገንዘብ መጠኖቹን ሁሉ በእሱ ያባዛ። የትርፉ መቶኛ አይለወጥም፣ እውነተኛው መጠን ግን አይታወቅም። የደንበኞች ስም በፊደል ብቻ ይመዝገብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ሰብስቦ በዘፈቀደ ማስቀመጥ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮርሱ ሲያልቅ ፎቶዎቹን ያጥፉ።

ሥራው ከራስ ሱቅ የሚወጣ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከጓደኛ አይገለበጥም።

የእርማት ጊዜዎን ግን ያስሉ። ለአንድ ተማሪ አምስት ደቂቃ ቢወስድ፣ ለ30 ተማሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በየሳምንቱ። ስልሳ ሰው ከመዘገቡ ዓርብዎ አለቀ። የድምፅ መልእክት ከመጻፍ ይፈጥናል፣ ሰውም ይወደዋል፤ አንድ የተሠራ ነገር፣ አንድ የሚታረም ነገር፣ በቃ።

8. ቀን፣ ሰዓትና ክፍያ

ዙም የስብሰባ ጥሪ ሲልክ «8:30» ብሎ ይጽፋል። ግማሹ ተማሪ ይህን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል አድርጎ ያነበዋል። ጥሪውን እንዳለ አያስተላልፉ፤ «ቅዳሜ ከምሽቱ 2:30» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ውጭ አገር ያለ ተማሪ ካለ ለእሱ ለብቻው ይላኩለት።

የሚጀምሩበትን ወር ከነጋዴው ቀን መቁጠሪያ ይውሰዱ። የዘመን መለወጫ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ሳምንታት ለባለሱቅ የገበያ እንጂ የትምህርት ጊዜ አይደሉም። በሐምሌ ሐሳቡ ሁሉ ግብር ላይ ነው። የረመዳን ምሽቶች ለሙስሊም ተማሪዎች አይመቹም። ከመስቀል ማግስት አንሥቶ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ለስድስት ሳምንት የሚስማማ ክፍተት ነው።

ክፍያን በሁለት ከፍለው በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበሉ፤ ግማሹ ሲመዘገቡ፣ ግማሹ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ። ለተማሪው እምነት ይሰጣል፣ እርስዎንም በመካከል ያነቃዎታል። የሚሰጡት ወረቀት የተሳትፎ ማረጋገጫ ከሆነ ያንኑ ይበሉት፤ ዕውቅና ያለው የትምህርት ማስረጃ የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ተቋም ነው።

9. ሙከራና የመጀመሪያው ሳምንት

ሁሉንም ቪዲዮ ቀርጸው አይጨርሱ። የሁለት ሳምንቱን ብቻ ያዘጋጁና አራት አምስት ሰው ላይ ይሞክሩ። አንዷን አጠገቧ ተቀምጠው ስልኳን ስትነካካ ይመልከቱ፤ አይርዷት። የት እንደቆመች፣ ምኑን ደግማ እንዳነበበች ይጻፉ።

ኮርሱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ማንም የማይወድቅበት ይሁን፦ የሂሳብ ደብተሩን ሽፋን ፎቶ አንሥቶ መላክ። ዓላማው ሒሳብ ሳይሆን መላክን ማለማመድ ነው። ሐሙስ ማታ ያልላኩትን ሰዎች ስም ይዘርዝሩና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ይደውሉላቸው። በግሩፕ ላይ ማስታወሻ መለጠፍ አይተካውም፤ የጠፋ ሰው ግሩፑንም አያነብም። «ለምን አልላኩም?» አይበሉ፤ «ፋይሉ ተከፈተልዎት?» ብለው ይጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥቅል ማለቁ፣ ስልክ መበላሸቱ ወይም ሰንጠረዡ ግራ ማጋባቱ ነው፤ ሦስቱም በዚያው ጥሪ ይፈታሉ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ያልላከን ሰው የጠፋውን ሁሉ እንዲያሟላ አያስገድዱት፤ ከያዝነው ሳምንት ይግባ፣ ያለፈው በኋላ ይደርሳል።

በግሩፑ ላይ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ የተበላሸው ተማሪው ሳይሆን ቪዲዮው ነው። ያንን ቪዲዮ ብቻ እንደገና ይቅረጹ፤ ሌሎቹን ለሁለተኛው ዙር ይተዋቸው።